ባርጃችን የተቃጠለ ቀን

ውድ ዮፍታሄ፣

ይህን በስልክ ልነግርህ ደጋግሜ ደውዬ፣ ድምፅህን ስሰማ ስለ ሙቀቱ አውርቼ ዘጋሁት። ስለዚህ ጻፍኩልህ፤ ወደ ባሕር ዳር በሚመጣው በተሾመ እጅ ይደርስሃል። ባርጃችን፣ ያ ጠፍጣፋው የእንጨት ጀልባህ፣ ተቃጥሏል። ሰው አልሞተም። አቤኒ እጁን እሳት ለብልቦታል፣ እየዳነ ነው። ባርጁ ግን የለም።

ለቅሶ ቤት ስለ ሟቹ ከጅምሩ ነው የሚወራው፤ እኔም እንደዚያው ላውራልህ።

እዚህ ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ያለችው ምግብ ቤቴ ምሳ ልትበላ የምትመጣ፣ የሆቴል አልጋና ወንበር የምትሠራ አናጢ ነበርክ። አንድ ቀን ሽሮህ ፊትህ እየቀዘቀዘ፣ “ይመኙ፣ ወንዙ ዳር ስንት ጀልባ ሰምጦ እንደቀረ አይተሻል? የሚያወጣው ስለሌለ እኮ ነው” አልከኝ።

“ታዲያ አንተ ምን አገባህ?” ስልህ ሳቅክ። በሳምንቱ ጣውላ ልታይ ሄድክ።

ማሆጋኒው ከዬይ ከተማ በኩል በጭነት መኪና መጣ። የሠራኸው ነገር እንደ ቤት ወለል ሰፊና ጠፍጣፋ ስለነበር ሰው “ጀልባ ነው ወይስ የሠርግ መድረክ?” እያለ ይስቅብህ ነበር። ስንጥቁን በጥጥና በሬንጅ ስትደፍን ሬንጁን የማፈላልህ እኔ ነበርኩ። ሽታው ከፀጉሬ አልለቅ ብሎ ደንበኞቼ “ወጡ አስፋልት አስፋልት ይላል” ይሉኝ ነበር። የሰመጠውን በገመድ የሚጎትተውን መዘውር እንዲያዞርልህ አቤኒን ቀጠርከው። ጋምቤላ ስደተኛ ካምፕ ያደገ ነውና ከአንተ ጋር በአማርኛ፣ ከወንዙ ሰዎች ጋር በጁባ ዓረብኛ ሲጨቃጨቅ ይውላል። ባርጁ ግን ሠራ። የሰመጡትን ጀልባዎች አወጣ። የውሃ ቦቴዎች የሚቀዱበትን ፓምፕ ጭቃ ሲውጠው ጎትቶ አወጣ። ቀስ በቀስ የሚስቅ ሰው ጠፋ።

ጎርፉ የበረታ ዓመት ደግሞ ወንዙ መሐል ካለችው ደሴት ሰውና ከብት ስታመላልሱ ከረማችሁ። እኔ ምግብ ይዤ ዳር ላይ እጠብቃችሁ ነበር። ከአንዱ ጉዞ ስትመለስ በጀርባህ አንዲት አሮጊት አዝለህ፣ በብብትህ የእሳቸውን ፍየል ይዘህ ጭቃው ውስጥ ስትንሸራተት አየሁህ። አሮጊቷ ለፍየሏ እየፈሩ ይቆጡሃል፤ አንተ “እሺ እማማ” ትላለህ በአማርኛ። ልቤ አንተ ጋ እንደሄደ ለራሴ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ለአንተ ግን አልነገርኩህም።

አባትህ ታመው ወደ ባሕር ዳር ስትጠራ ኤርፖርት ድረስ ሸኘሁህ። አንድ ቃል እየጠበቅኩ ነበር።

“ይመኙ...” አልክ።

“አቤት?”

“ባርጁን አደራ።”

“እሺ፣ አታስብ” አልኩህ። በቃ፣ ይኸው ነበር። አባትህ አረፉ፤ የእንጨት ሥራ ቤታቸውም፣ እናትህም በአንተ ላይ ወደቁ፤ መመለሱ ቀረ። አንተም ያን ቀን ከእኔ አንድ ቃል ትጠብቅ እንደነበር የነገርከኝ ሄቨንን ካገባህ በኋላ ነው። እየሳቅክ ነገርከኝ፣ እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ወዲህ በደወልክ ቁጥር “ባርጁ እንዴት ነው?” ትለኛለህ። እኔም ጣውላው ተቀየረ፣ መዘውሩ ግራሶ ተቀባ እያልኩ እነግርሃለሁ። አንዳንዴ ምንም ሳይሆን፣ ወሬው እንዲረዝም ብዬ ብቻ “ትንሽ ውሃ ያስገባል” እልህ ነበር።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ለአቤኒ ምሳ ይዤ ወረድኩ። አጠገባችን የታሰረ የብረት ጀልባ ላይ ብየዳ ይሠራሉ፤ ነፋሱ ደግሞ ኃይለኛ ነበር። አቤኒ “ያ ጀማዓ፣ እናንተ ሰዎች፣ አቁሙ እንጂ! ብልጭታው እኛ ላይ እየወደቀ ነው!” ብሎ ሲጮህ ነው የደረስኩት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ፈጠነ። ያ ሬንጅ የጠገበ ወለል እንደ ደረቅ ሳር ተያያዘ። ያገኘነውን ሁሉ ይዘን ውሃ ደፋንበት፤ አልሆነም።

መዘውሩ ያለበት ጎን ገና አልተነካም ነበር። ወደ ዳር ጎትተን አሸዋ ብንደፋበት ግማሹ ይተርፋል ነበር። ነገር ግን በሌላው ጎን ናፍጣ የጫነ ጀልባ ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ ባለው ጀልባ ደግሞ ወደ ቦር ከተማ ሊሄዱ እናቶች ከነልጆቻቸው ተሳፍረዋል። ነበልባሉን ነፋሱ ወደነሱ እየገፋው ነው። አቤኒ ገጀራውን ይዞ ባርጁ የታሰረበት ገመድ ጋ ቆመና ዞሮ አየኝ።

“እቴ ይመኙ፣ የዮፍታሄ ነው እኮ። ምን ላድርግ?”

“ቁረጠው!” አልኩት።

ቆረጠው። እሱና ሌሎቹ ጀልበኞች በረጃጅም እንጨት ወደ መሐል ገፉት፤ እጁን እሳት የበላው ያኔ ነው። ወንዙ ተቀበለው። እየነደደ፣ ቀስ እያለ፣ ማንንም ሳይነካ ሄደ። ደሴቲቱ ጫፍ ሲደርስ ለሁለት ተሰነጠቀና ሰመጠ። እናቶቹ እያለቀሱ አቀፉኝ። ትክክል እንደሠራሁ አውቃለሁ፤ ማወቄ ግን አላጽናናኝም።

በማግስቱ ከደሴቲቱ ሴቶች ደረቅ ዓሣ ይዘው ምግብ ቤቴ ድረስ መጡ። አንዷ “ማሌሽ ያ ኡክቲ” አለችኝ፤ ይቅርታ እህቴ፣ አይዞሽ ማለቷ ነው። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ አለች። አንድ ደንበኛ ገብቶ “ማን ሞቶባችሁ ነው?” አለን።

አቤኒ ሌላ እንሥራ ይለኛል። የሚቆጨኝ እንጨቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሺ እለው ነበር። የሚቆጨኝ ይህን ያህል ዓመት አንተ ስለ ጣውላ እየጠየቅክ፣ እኔ ስለ ጣውላ እየመለስኩ መኖራችን ነው። ሄቨን ይህን ብታነበው ቅር አይለኝም፤ ከእሷ የምወስደው ነገር የለኝም። ሰላም በልልኝ።

አደራህን በገዛ አፌ ለወንዙ ሰጥቻለሁና ይቅር በለኝ። ከእንግዲህ ብትደውል ስለ ባርጁ የምነግርህ የለኝም። “አንቺስ እንዴት ነሽ?” ብለህ ከጠየቅከኝ ግን፣ እውነቱን እነግርሃለሁ።

ይመኙሻል
ከጁባ