«ደርሷል» ያልከኝ ክንፍ

ለወዳጄ፣

እንደምን ሰነበትክ? ያ ሳልህ ለቀቀህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ግን ቃሌን ብቻ ይዘህ እንዳትቀር።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። ትንሿ ሳተላይታችን ስንት ብር በላች፣ ከቀጠሮዋ ምን ያህል ዘገየች፣ እያንዳንዱ ዕቃዋስ ለመብረር ምን ያህል በሰለ እያልኩ ሰው ስነዘንዝ እውላለሁ። ባለፈው ከፀሐይ ኃይል ስለሚሰበስብላት ክንፍ «ክንፉ ደርሷል፤ ራሴ አመጣልሻለሁ» ብለህ ስትጽፍልኝ፣ ስትወነጨፍ የሚገጥማትን መንቀጥቀጥ የምንሞክርበትን ፈተና ያለፈ መስሎኝ ብስለቱን ከላይኛው ደረጃ ላይ አወጣሁት። ለፈተናው የያዝነውን ጊዜና ገንዘብም ሰረዝኩ። አለቃችን አቶ እንዳላማው በስብሰባ መካከል የፈተናው ውጤት የታለ ቢሉኝ ያንተን ደብዳቤ አውጥቼ አነበብኩላቸው። አንተ ለካ ዕቃው ከውጭ አገር ቦሌ ገባ ማለትህ ነው፤ ሳጥኑም ገና አልተከፈተም። የቅኔ አገር የዲማ ሰው አይደሉ፣ ሳቁና «አንቺ ልጅ፣ ሰሙን ትተሽ ወርቁን ፈለግሽ» አሉኝ። የሰረዝኩትን ሁሉ መልሼ ጻፍኩ።

ይሄ ቃልህ ሲያታልለኝ የመጀመሪያው አይደለም። አምና ከአምበር ከተማ ስንመለስ እጄን ይዘህ «ጊዜው ደርሷል» ስትለኝ ሽማግሌ ልትልክ መስሎኝ ለእናቴ ነገርኳት። አንተ የምታወራው አዲስ አበባ ስለመሄድህ ነበር።

ያም ሆኖ አመጣዋለሁ ባልከው ቀን ፀጉሬን ተሠርቼ አንተን ልቀበል መናኸሪያ ወጣሁ። ከመኪናው የወረደችው ግን አዲሷ ባልደረባህ ሶልያና ናት። እኔ የሠራሁልህን ሹራብ ለብሳለች። ቀናሁ፤ ምን እደብቅሃለሁ? ቁልፎቹ ሆዷ ላይ አልገጥም ብለዋታል፤ ምን እያበላሃት ነው ብዬ በሆዴ ሳቅኩ። ሳጥኑን አብረን እናንሳ ብላት ሐኪም ከባድ ነገር ከልክሎኛል አለችኝ። የከተማ ቅብጠት ነው ብዬ ብቻዬን ተሸክሜ ባጃጅ ላይ ጫንኩት። ኮረኮንቹ ሲያንገጫግጨን ሾፌሩን ቀስ በል ትለዋለች። እኔ ሳጥኑን አቅፌያለሁ፤ እሷ ሆዷን። «እሱስ መቼ ይመጣል?» ብዬ ስላንተ ጠየቅኳት። ቤት እያስቀባ ነው፣ ለጊዜው አይመቸውም አለችኝ። ቢሮ ስንደርስ ሳጥኑን አውርጄ ለእሷ ወንበር ሳብኩላት።

ክንፉን በሚቀጥለው ሳምንት እናንቀጠቅጠዋለን። የሱን ብስለት ያኔ እናውቃለን፤ ያንተን ግን አቶ እንዳላማው ቢጠይቁኝም ደረጃ አልሰጠውም። እኔም ከእንግዲህ የመናኸሪያውን መንገድ አልመላለስበትም።

ሹራቡን አትመልስልኝ። ጥሩ ክር ነው፤ ቢተረተር ለትንሽ ልብስ ይበቃል።

ሥራህ ይቅናህ፣ ቤትህም ይሙቅ። ለሶልያና ማርያም ትቅረባት።

ባልደረባህ
ከደብረ ማርቆስ