«ከልጅዎ ጋር አዘውትረው ይነጋገሩ» ብለው ለመከሩን ኃላፊ

ለተከበሩ አቶ ዳኜ ኪዳነ፣ ልጄ የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ደኅንነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ጤናዎ፣ የወንበርዎ ምቾትና የስብሰባዎችዎ ብዛት እንደምን ከርሟል? እኔ መሪጌታ ወሰኔ ይታየው፣ ከመንዝ ቀየት፣ የተማሪ ጽናት አባት ነኝ። «ወላጆች የልጃቸውን ደኅንነት እንዴት ይደግፋሉ» በሚል ርእስ ያሳተሙት ባለ ቀለም ወረቀት በወረዳው በኩል ደርሶኝ እንደ ዳዊት ደጋግሜ ስላነበብሁት፣ ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ግድ ሆነብኝ።

፩. ወረቀትዎ «ከልጅዎ ጋር አዘውትረው ይነጋገሩ» ይላል። እኛ ዘንድ ኔትወርክ የሚገኘው ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ፣ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ አነጋግራት ነበር፤ ንስሐ አባቷ፣ አክስቶቿና የሰንበቴው ማኅበርተኛ ሁሉ ከብበውኝ ይሰማሉ። መርቀው የሸኟት እነርሱ ናቸውና ድምፅዋን መስማት ይገባቸዋል ብዬ ነው። ልጅቷም ሁልጊዜ ደኅና መሆኗን ተናግራ እግዚአብሔርን ታመሰግናለች። በዚያ ሁሉ ጆሮ ፊት ሌላ ምን ልትል ኖሯል? ይህ ጥፋት የእኔው ነው፤ የራስዎ ስለሚበቃዎ አላካፍልዎም።

፪. «ለውጥ ካዩ ለጽሕፈት ቤታችን ይደውሉ» ይላል። በኅዳር ድምፅዋ ሲሰልል ደወልሁ። ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነገሩኝ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ በደወልሁ ቁጥር ከዚያው ስብሰባ አልወጡም። የስብሰባው አጀንዳ የተማሪዎች ደኅንነት መሆኑን ስሰማ፣ ልጄ ይህን ያህል ድካም ስላበዛችብዎ አፈርሁ።

፫. መጣሁ። ሁለት ቀን ተጉዤ በርዎ ላይ ስደርስ፣ ጥበቃው ያለ ቀጠሮ እንደማልገባ በትሕትና አስረዳኝ፤ ቀጠሮ የሚሰጠው ግን ውስጥ ነው። እኩለ ቀን ላይ መኪናዎ ስትወጣ በመስኮት እጅዎን አነሡልኝ። ሰላምታ ይሁን ዝንብ ማባረር አልለየሁም፤ ለሁለቱም አመሰግናለሁ።

በጽናት ስልክ ብደውል አንሥታ፣ ልጄን ደግፋ እስከ ግቢው በር ያመጣችልኝ የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ፣ የመርሐቤቴዋ ጥሩሸዋ ናት። ጽናት ከአምስት ሳምንት በላይ ከአልጋ አልወረደችም፤ ጥሩሸዋ ከካፌ በፌስታል ምግብ እየቋጠረች ባታጎርሳት ኖሮ ዛሬ የምጽፍልዎ መርዶ ነበር። እኛ አገር አንዲት በግ ከጓሳ ግጦሽ ሳትመለስ ከመሸ፣ ሳትፈለግ ራት የሚቀርብበት ቤት የለም። ሆኖም እርስዎ የሚጠብቁት ሰው እንጂ በግ ስላልሆነ፣ በዚያ ሁሉ ሺህ መካከል የአንዲት ልጅ መጥፋት ባይታይዎ አይፈረድብዎትም ብዬ ይቅር ብዬዎ ነበር።

አሁን እቤት ናት። ትበላለች፤ ማንም ሳይሰማን ጎን ለጎን ስንቀመጥ ጥቂት ጥቂት ትናገራለች። ላጣት እንደነበር ሳስብ፣ አሁንም ሌሊት እየተነሣሁ ትንፋሿን አዳምጣለሁ።

መልካም ስምዎ እንደ ወረቀትዎ እንዲያብለጨልጭ የሚመኝልዎ፣ የአብራክዎ ክፋዮች እንደ እርስዎ ካለ ኃላፊ እጅ እንዳይወድቁ ዘወትር በጸሎት የሚያስብዎ፣ ትሑት አገልጋይዎ

መሪጌታ ወሰኔ ይታየው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ሳላሽገው የእርስዎ ፊርማና ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ደረሰን፤ ጽናት ሠላሳ ሰባት ቀን ያለ ፈቃድ ከትምህርት ገበታ በመቅረቷ ተሰናብታለች ይላል። ጥሩሸዋን ጠይቄ አመሳከርሁት፤ አንድ ቀን እንኳ አልተሳሳታችሁም። እኔ ይቅር ያልሁዎ አላዩም ብዬ ነበር። ለካ መቅረቷን በየቀኑ ይጽፉ ኖሯል።