በወንድሜ ስም የጠራሁት አበባ

ጥቅምት 12 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ላሊበላ

ዛሬ በምሠራበት ሆቴል ግቢ አበባ ሳጠጣ አንዲት ጀርመናዊት እንግዳ ከቤት ዘር አምጥቼ የዘራሁትን ቀይ አበባ ስም ጠየቀችኝ። «ደምሴ» አልኳት። ሳቀች። አስጎብኚዋ እያስተረጎመላት፣ በእነሱ አገር ዚንያ እንደሚባል ነገረችኝ። ሬሳ ላይ የሰው ዓይን ያጠና የነበረ ሐኪም ስም ነው አሉ። በወጣትነቱ ሞተ፤ አበባውን በስሙ የጠሩት ከሞተ በኋላ ነው። «እንዳይረሳ ብለው ነው» አለች።

ባልዲውን መሬት አስቀመጥኩት።

ወንድሜ ደምሴ ዘሩን ጦራቸው ካረፈበት ትምህርት ቤት ግቢ ለቅሞ፣ በደብዳቤ ጠቅልሎ ከግንባር ሲልክልን በሕይወት ነበር። አበባው ደጃችን ሲፈካ «ደምሴ ይባል» ያልኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ የለም። አብረውት የዘመቱት የሰፈራችን ልጆች ተመልሰዋል። መርዶም አልመጣ፣ እሱም አልመጣ። በቁሙ የሙት መታሰቢያ አቆምኩለት ይሆን?

ቤት ስገባ እማዬ እንደ ልማዷ አበባው ሥር ተቀምጣለች። ዓይኗ ከጠፋ ቆየ፤ በጣቷ ነው የምታየው።

«ደምሴ ዛሬም ፈክቷል፤ ዳሰስኩት» አለችኝ። «ፈረንጆቹ ማን ይሉታል?»

«ስም አላወጡለትም።»

«እሰይ! እንግዲያ የኔ ልጅ ብቻ ነው።»

እሷ ስትገባ አበባውን ልነቅለው ቆርጬ ነበር። ስትነሣ ግን የነጠላዋን ጫፍ አየሁት። የደረቀውን ዘር ለከርሞ ቋጥራበታለች።