ሻለቃ ሳይሰደብ አይበላም

ሚጢዬ፣

መጋረጃ ጀርባ ቆሜ የአባቴን ስልክ ማዳመጤን በታላቅ ትሕትና እናዘዛለሁ። ጥፋቱ ግን የመጋረጃው ነው፤ ያን ያህል ባይወፍር አያማልለኝም ነበር።

በአደራ የተውንልሽ ውሻችን ሻለቃ እናንተ ቤት ከገባ ጀምሮ እህል አልቀምስ ማለቱን ስትጽፊልኝ ቁርስ ላይ ለአባዬ ነገርኩት። በዚያ እርጅናው ካልበላ ስንመለስ አናገኘውም። አባዬ ግን ቀና እንኳ ሳይል፣ «ሲርበው ይበላል። ውሻ ነው እኮ!» አለና ወደ በረንዳ ወጣ።

ለእረፍት ከመጣንበት ቤት በረንዳ ፊት ባሕር አለ። እንዴት ልንገርሽ! የሰፈራችን ሜዳ ሺህ ጊዜ ቢዘረጋ ጥጉን አይሞላም። እማዬ እንኳ ካየችው ወዲህ ወሬ አቁማለች፣ አስቢው! አባዬ ግን ለባሕሩ ጀርባውን ሰጥቶ፣ «እትዬ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ያዙልኝ» ይላል። ለካ የደወለው ለእናትሽ ነው! ከዚያ፣ «አንተ ሆዳም! የማትረባ! ብላ እንጂ!» አለ። ቤት ውስጥ ሳህኑን ሲያቀርብለት ሁሌም የሚያወርድበት ስድብ ነው፤ ውሻው ለካ እንደ ምርቃት ይጠብቀው ኖሯል።

እናትሽ «በላ! በላ!» ብላ ስትጮህ እኔ ድረስ ተሰማኝ። አባዬ ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ። ስናስነጥስ እንኳ የሚቆጣን ሰውዬ! ባሕሩን ረስቼ እሱን ሳይ ቀረሁ።

እናትሽን ሳሚልኝ፣ ወንድምሽን ቆንጥጪልኝ፣ ለራስሽም ብዙ ብዙ...

«አንቺ ምላሳም!»

አባዬ ነው፤ ከኋላዬ ቆሞ ሁሉንም አንብቦታል።

«ከስድቡ በኋላ ሆዱን እከኪለት ብለሽ ጨምሪበት።»