የታዴ እምቢታና የእሁዱ ጨዋታ

ማክሰኞ

ታዴ ነጭ የመጫወቻ ሱሪውን ተኩሶ፣ አጣጥፎ፣ መልሶ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተው። የማይለብሰውን ልብስ ሰው ለምን ይተኩሳል? «ታዴ፣ እሁድ የፍጻሜ ጨዋታ አላችሁ አይደል?» ስለው «እነሱ አላቸው» አለኝ። እነሱ! ክሪኬት በተጫወተ ቁጥር «እኛ አሸነፍን፣ እኛን በደሉን» እያለ ጆሮዬን ሲያደነቁረኝ የኖረ ሰውዬ።

ከዚያ ሻዩን ሳይጨርስ ሆሊውድ ወዳለው የፓርኪንግ ሥራው ሄደ። የሆነ ነገር አለ። ባሌን አውቀዋለሁ፤ ሲከፋው አይናገርም፣ ይተኩሳል። ከእህቱ ጋር የተጣላ ጊዜ የትራስ ልብስ እንኳን አልቀረውም።

ረቡዕ

ነገሩን ሰማሁ። ያውም ከሰው አፍ።

ራቪ፣ የቡድናቸው አምበል፣ ፌርፋክስ የሐበሻ ሰፈር የምሠራበት ሱቅ በርበሬ ሊገዛ መጣ። ህንድ ሆኖ የእኛን በርበሬ ነው የሚወደው፣ ሚስቱ ደብቆ ነው የሚበላው ትላለች። ዛሬ ግን ሂሳብ ሳይከፍል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ባልሽ ትልቅ ሰው ነው» አለኝ። ለፍጻሜው እንዲጫወት ሲጠይቀው ታዴ «አይ፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ወጣቶቹን አሰልፍ» አለው አሉ። «ውሳኔውን አከበርንለት» አለኝ፤ ዓይኑ እንባ ሊያቀርር ምንም አልቀረውም።

«ስንቴ ጠየቅከው?»

«አንዴ። ኖ አለ፣ ሶ ኦኬ አልን።»

ወይ ጉድ! ወይ የእኔ ጨዋ! እኛ እኮ ምሳ ስንጋበዝ እንኳን «በልቻለሁ፣ በሞቴ ተዉኝ» ብለን ብለን ነው እጃችንን የምንታጠበው። ታዴ «አርጅቻለሁ» ያለው «አላረጀህም» እንዲሉት ነው። ራቪ ደግሞ ምን ያድርግ፣ የተባለውን ሰምቶ ሄደ። ለራቪ ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት። «ሚስቱ ለመነችለት» ከተባለ ታዴ ዳግም እዚያ ሜዳ አይረግጥም።

ማታ «ደውልና እጫወታለሁ በላቸው» አልኩት።

«ልለምን? እኔ?»

«መለመን አይደለም፤ ሐሳቤን ቀየርኩ ማለት ነው።»

«እነሱ ደስ ብሏቸው ነው የተቀበሉት። ይኸው ነው።» ብሎ የእኔን የሥራ ሸሚዝ መተኮስ ጀመረ።

ያናደደኝ የአንድ እሁድ ጨዋታ አይደለም። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው፣ ዳሌው ያመዋል፣ ለከርሞ እንደማይጫወት እሱም ሐኪሙም ያውቃሉ። የመጨረሻው ነው። ዕድሜውን ሙሉ የተጫወተው ጨዋታ በይሉኝታ ሊያልቅበት ነው።

ሐሙስ

ሱቁ ጭር ብሏል። የእንጀራው መኪና አልመጣም። ስለ ታዴ እያሰብኩ ቁጭ ብያለሁ።

ክሪኬት የሚባለውን ነገር ስንጋባ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው ከኋላው የተተከሉ ሦስት እንጨቶች እንዳይመቱበት በጠፍጣፋ ዱላ ይከላከላል፤ ከቻለም አርቆ መትቶ ነጥብ ያገኛል። ይኸው ነው፤ ቀሪው ክርክር ነው። አብዛኛው ተጫዋች ወይ መቺ ነው ወይ ወርዋሪ። ታዴ ሁለቱንም ነው። ኦልራውንደር ይሉታል።

ናይሮቢ ነው ያደገው። ወላጆቹ በስደት ሄደው የህንድ ሰፈር ቤት ተከራዩ። ከጎረቤት ልጆች ጋር መንገድ ላይ ሲጫወት ልጆቹ ጥቂት ስለነበሩ መቺው ራሱ ተራውን ይወረውራል፣ ኳስም ያመጣል። «ምርጫ ስላልነበረኝ ነው ሁሉንም የቻልኩት» ይላል። በኋላ ትልቅ ክለብ ገባ፣ እሱ ሲጫወት ሱቅ ዘግተው የሚመጡ ነበሩ አሉ። ለብሔራዊ ቡድን ሊያጩት ሲሉ ወረቀት የለውም፣ ስደተኛ ነው ተባለ። ይህን ሲያወራ አይማረርም፤ እኔ ነኝ የምማረርለት። ከዚያ እህቱ እዚህ አመጣችው፣ ቫን ናይስ የክሪኬት ሜዳ እንዳለ በሰማ በሳምንቱ ዱላ ገዛ።

ሲመታ አይቸኩልም። ሌላው ኳሱን ወደፊት ሄዶ ይቀበለዋል፣ እሱ እስክትደርስ ቆሞ ይጠብቅና በመጨረሻው ሰዓት ነካ አድርጎ ይሸኛታል፣ እንግዳ በር ድረስ እንደሚሸኝ ሰው። ሲወረውርም ቀስ ብሎ ነው። ሁለት ሦስት እርምጃ ይንደረደራል፣ ኳሷ ታዝግማለች፣ መቺው «ይቺንማ!» ብሎ ሲነሳ መሬት ነክታ ትታጠፍበታለች። እጁ ላይ የደረሰ ኳስ ደግሞ አይወድቅም። ቤት ውስጥ ግን ብርጭቆ በመስበር የሚስተካከለው የለም።

ከሰዓት ጋሼ በቀለ ሊጠይቁኝ መጡ። የሰፈራችን አስታራቂ ናቸው፤ በእሳቸው ያልታረቀ ባልና ሚስት ፌርፋክስ ላይ የለም። የሆነውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው።

«እና ምን ቸገረሽ? ሽማግሌ ይላክበታ!»

«ጋሼ፣ ለክሪኬት?»

«ለጋብቻ የሚሄድ ሽማግሌ ለእንጨት ጨዋታ አይሄድም ያለው ማነው? አምበላቸውን ጥሪልኝ። አንቺ የለሽበትም፣ እኔ ነኝ የሰማሁት።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ግን ደወልኩለት። ራቪ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው «ኖ ማለቱ ኖ አልነበረም?» አለኝ። ምስኪን።

ዓርብ

መጡ! ጋሼ በቀለ ከነባርኔጣቸው፣ ራቪ ክራባት አስሮ፣ ዴልሮይ ደግሞ ሰፊ ኮት ለብሶ። ዴልሮይ ጃማይካዊ ነው፣ አውቶቡስ ድራይቭ ያደርጋል፣ ሜዳ ላይ ከእንጨቶቹ ኋላ ቆሞ ኳስ የሚቀልበው እሱ ነው። ጋሼ በቀለ ሱቅ ጀርባ ወስደው አሠልጥነዋቸዋል፤ እሺ እስኪል አትቀመጡ፣ ምግብ ቢቀርብ አትንኩ፣ ሲከለክል አትመኑት።

ታዴ በሩን ከፍቶ ደነገጠ። «ግቡ፣ ተቀመጡ።»

«አንቀመጥም። ጉዳይ ይዘን ነው» አሉ ጋሼ በቀለ። ሦስቱም ሶፋው ፊት ተደርድረው ቆሙ። የጾም ሠርቻለሁ፤ ሽሮው ጠረጴዛው ላይ ይንተከተካል፣ የዴልሮይ ዓይን እሱ ላይ ነው።

ጋሼ በቀለ ጀመሩ፤ እኔ ለሁለቱ በሹክሹክታ እተረጉማለሁ። «ልጃችን ታደሰ፣ በዱላውም በኳሱም አንቱ የተባልክ ሰው እንደሆንክ ሰምተናል። ቡድኑ ያላንተ ጎዶሎ ነው። ልንለምንህ መጥተናል።»

ታዴ መሬት መሬት እያየ «ጋሼ፣ ዳሌዬ...» አለ።

«ዳሌህን እግዜር ይማርልህ። አሁንም እንለምንሃለን።»

«ወጣቶቹ ይበቃሉ።»

ራቪ በእንግሊዝኛ «አይበቁም! ልምምድ ላይ የምትጮህባቸው ሰው ይፈልጋሉ!» አለ። ጋሼ በቀለ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «በዚህ ሽበቴ። እምቢ ብትል እዚሁ ቆመን እናድራለን።» ይሄኔ ዴልሮይ ፊቱ ተለዋወጠ፤ የማደሩ ነገር አልተነገረውም ነበር።

ታዴ ተነፈሰ። «እንግዲህ እናንተ ካላችሁ...»

ዴልሮይ «የስ?» ብሎ እኔን አየኝ። ራሴን ነቀነቅኩለት። ከሁሉም ቀድሞ ተቀመጠ፣ ከሁሉም ቀድሞ እጁን ሰደደ።

ሲሄዱ ታዴ ሳህን እያነሳ «ጋሼ በቀለ ስለ ክሪኬት ከማን ሰሙ?» አለኝ። «ሰው ያወራል» አልኩት። እያፏጨ ሳህን አጠበ። አንድ ብርጭቆ ሰበረ። ይስበር!

ቅዳሜ

ዱላውን ዘይት ቀባ። ሳሎን መሐል ተንበርክኮ ዳሌውን ሲያፍታታ ዋለ። ለእሁድ የሚያዙ፦ ውኃ፣ ብርቱካን፣ የጋሼ በቀለ ታጣፊ ወንበር፣ የዳሌ ቅባት። ደስ ብሎኛል፤ ግን ለምኖ አምጥቶ ማዋረድም አለ እኮ። ባይሳካለትስ? እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ።

እሁድ

ከቅዳሴ በቀጥታ ጋሼ በቀለን ይዤ በፍሪዌው ቫን ናይስ። ፓርክ ሳደርግ ጨዋታው ተጀምሯል። ጋሼ ሜዳውን አይተው «ሁሉም ነጭ በነጭ! ጥምቀት ነው እንዴ?» አሉ።

የእኛ መቺዎች እንደ መጡ ተመለሱ፣ ሦስቱ ቶሎ ወጡ። ታዴ ገባ። እያነከሰ ነው የገባው። ለረጅም ጊዜ ምንም አልመታም፣ ዝም ብሎ ይከላከላል። ጋሼ በቀለ «ምነው፣ ረሳው እንዴ?» አሉ። «ይጠብቃል ጋሼ» አልኳቸው፣ እኔም ሳልተማመን። ከዚያ አንዷን ነካ አደረጋት፣ በጎኑ ሾልካ እስከ ሜዳው ጠርዝ። ቀጥሎ ሌላ። ሲወጣ ከቡድኑ ሁሉ የበለጠ ነጥብ የእሱ ነበር፣ ተቃራኒዎቹ እንኳን አጨበጨቡለት። እኔ እልል አልኩ፤ የማያውቁኝ ሁሉ ዞረው አዩኝ፣ ግድ የለኝም።

በመወርወሩም ሁለት ሰው አስወጣ። ጨዋታው ግን ተናነቀ። የመጨረሻዎቹ ስድስት ኳሶች ቀሩ፣ ተቃራኒዎቹ ስምንት ነጥብ ካገኙ ዋንጫው የእነሱ ነው። ራቪ ኳሱን ለታዴ ዘረጋለት።

ታዴ «አይ» አለ። ሳሚርን፣ አዲሱን ፈጣን ወርዋሪ፣ ጠቆመ።

ራቪ ተምሯላ! ደግሞ ዘረጋለት። ታዴ አይ። ደግሞ። ዴልሮይም መጥቶ ይለምን ጀመር። ዳኛው ሰዓቱን ያያል። በመጨረሻ ራቪ ወደ እኔ ዞሮ ሁለት እጁን ዘረጋ። ሜዳው ሁሉ እኔን ያያል። ጋሼ በቀለ «ልነሳ እንዴ? ልለምነው?» አሉኝ።

ታዴን አየሁት። ዓርብ ሲግደረደር መሬት መሬት ነበር የሚያየው። አሁን ራቪን ዓይን ዓይኑን ነው የሚያየው። አያፍርም፣ አልከፋውም። እውነቱን ነው። ራሴን ግራ ቀኝ ነቀነቅኩ፤ ተወው፣ ይሄ የምሩን ነው። ቢሸነፉ እኔ ነኝ የፈረድኩባቸው።

ሳሚር ወረወረ። ሁለት ነጥብ ገባ። ቀጥሎ ባዶ፣ ቀጥሎ አራት፤ ጋሼ በቀለ «ወይኔ ልጄን!» አሉ። ሁለት ነጥብ ብቻ ቀራቸው። ከዚያ አንዷ ኳስ መሐለኛውን እንጨት ነቅላ ጣለችው፤ የመጨረሻ መቺያቸው ስለነበር እዚያው አለቀ። አሸነፍን። ታዴ በታመመ ዳሌው እንዴት እንደዘለለ! ለራሱ እንደዚያ ዘሎ አያውቅም። ሳሚርን ተሸክሞ ሊወድቁ ነበር።

መኪና ውስጥ «ለምን አልወረወርክም?» አልኩት።

«ያ መቺ ሲያጠናኝ ነው የዋለው። ሳሚርን ገና አላየውም።» ትንሽ ቆይቶ «ደግሞ ጠግቤያለሁ ሰብሊ» አለኝ። ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጦ ቫን ናይስን ሳንወጣ ተኛ። ጋሼ በቀለ እንኳን እንዳይነቃ ብለው በሹክሹክታ ያወሩ ጀመር።

ሰኞ

ዕረፍቴ ነው። እሱም ዕረፍቱ ነው። ቁርስ ላይ ራቪ ደወለ፣ ታዴ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ድምፁን ከፍቶ እያወራ ነው። ራቪ ረጅም መግቢያ ጀመረ፤ ታላቅ ወንድማችን፣ ክቡር ሆይ፣ እንደምትከለክለን እናውቃለን፣ ግን ደግመን ደጋግመን እንለምናለን፣ አስፈላጊም ከሆነ ጋሼ በቀለን ይዘን... ጀማሪዎቹን እንዲያሠለጥንለት ነው የፈለገው።

ታዴ ዳቦውን ሳይውጥ «እሺ» አለ።

«ማለት... የስ ነው?» አለ ራቪ።

«የስ። መቼ ልጀምር?»