ግማሹ የሸሪክ የሆነ በር

ይድረስ ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ፤ እንዴት ሰነበትክልኝ? እኛ ከበሩ በቀር ደህና ነን።

የጓዳችን በር ከማጠፊያው ተላቆ መውደቁን በጥልቅ ኀዘን አስታውቅሃለሁ። አባትህ በፈለሰፈው የልብስ መጭመቂያ መኪና ውል የተነሳ ከሥራ ሸሪኩ ጋር ተጣልቷል። ሸሪኩ «ውሉ በእጅህ የሠራኸው ሁሉ የጋራችን ነው ይላል» ቢለው፣ አባትህ «እንግዲያው በሬን ብጠግን ግማሹ ያንተ ሊሆን?» ብሎ እጁን ኪሱ ከተተ። ይኸው መዶሻው ዝም ብሏል። በጩኸቱ ስማረር የኖርኩት ሴትዮ፣ አሁን ኮሽታ ፍለጋ ጆሮዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ እውላለሁ። አንተ ግን ሐሳብ አይግባህ።

በናፍቆት የምትስምህ እናትህ

እርማት፦ ከላይ «እጁን ኪሱ ከተተ» የተባለው ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ተሽሯል። ሸሪኩ «የራሴን ግማሽ ልጠግን» ብሎ መጥቶ በሩን ዘቅዝቆ ሲገጥም፣ አባትህ «ወዲያ በል፣ አንተ ገልጃጃ!» ብሎ መዶሻውን ነጠቀው።