ሩኮላሽ እና አባትሽ

የሆዴ ልጅ፣ የረገጥሽው መሬት ይለምልምልሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን፤ እኔን ግን አባትሽ ሊያሳብደኝ ነው።

የላክሽው የሩኮላ ዘር በቅሎ ጓሮውን ሞላው። ለጋውን ቅጠል ከቲማቲም ጋር ሎሚና ዘይት አድርጌበት ስንበላው ይጣፍጣል። የጠነከረው እንደ ሰናፍጭ አፍንጫ ስለሚሰነፍጥ፣ መኮሮኒው ከምድጃ ሲወርድ ጣል አደርግበታለሁ። ለአጥንት ይበጃል ያልሽውንም ሐኪሙ አልካደም። ግን አባትሽ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዳል። ቅጠሉን በአንዴ ካበዛው መድኃኒቱን ያዳክምበታልና በየቀኑ እኩል፣ ትንሽ ትንሽ ይብላ ተብለናል።

ማን ሊሰማ! ትናንት ጓሮ እንደ ፍየል ቆሞ ሲግጥ ያዝኩት። "ምን ነካህ አንተ ሰውዬ?" ብለው፣ አፉን እንደሞላ "ዛሬ ልጄ ትደውላለች፤ በላህ ወይ ስትለኝ ምን ልበላት?" አይለኝም? ሳምንቱን ሙሉ ዘንግቶት ይከርምና ስልክሽ ሲደርስ ነው ለካ የሚያካክሰው! ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ፤ ቅጠሉን ከእጁ ነጥቄ ገባሁ።

አንቺም ብትሆኚ ልጄ፣ ደውለሽ "ሩኮላውን በላህ?" ትዪዋለሽ፤ "አዎ" ሲልሽ "ጎበዝ፣ በቃ ሥራ ልግባ" ብለሽ ትዘጊዋለሽ። እሱ የተዘጋ ስልክ ጆሮው ላይ ይዞ ይቀራል።

አምላክ ጤናሽን ይጠብቅልኝ፣ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ። እባክሽ እናቴ፣ እሁድ ስትደውዪ ስለ ቅጠሉ አትጠይቂው። ስለ ራሱ ጠይቂው። ቅጠሉን እኔ አበላዋለሁ።

እናትሽ